ሜኑው በአንዱ ብሮውዘር ሠርቶ በሌላው ሲበላሽ፦ ችግሩን የማግኛና የማስተካከያ ዝርዝር መመሪያ

ቅዳሜ ጠዋት ድረ ገጽ የሠራሁላቸው አንዲት ደንበኛዬ ደወሉልኝ። «ሜኑው ተበላሽቷል፤ ሰዉ ሁሉ እምቢ አለኝ እያለ ነው» አሉ። ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩት፤ ይሠራል። ስልኬ ላይ ከፈትኩት፤ ይሠራል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው መልስ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። እሳቸው ጋ ካልሠራ አይሠራም ማለት ነው።

ሜኑ የድረ ገጽ በር ነው። ፎቶ ትንሽ ቢዛነፍ ሰው አይቶ ያልፈዋል። ሜኑ ካልተከፈተ ግን ስልክ ቁጥሩም፣ ዋጋውም፣ የምዝገባ ፎርሙም የሉም። ስለዚህ ይህን ችግር ከሌሎቹ አስቀድሜ ነው የምይዘው።

የዚያን ቀን «አንድ ችግር» ብዬ የጀመርኩት ሥራ መጨረሻ ላይ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ሆኖ ተገኘ። ሦስቱንም በየቦታቸው እነግራችኋለሁ። የኮድ ቃላቱን እዚህ የጻፍኳቸው እርስ በርሳችን ስናወራ እንደምንጠራቸው ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ

«ሜኑው ተበላሽቷል» መረጃ አይደለም። «አይከፈትም» ማለት ነው? «ይከፈታል ግን ይቆረጣል» ማለት ነው? «ቃላቱ ተጣብቀዋል» ማለት ነው? ሰዎቹን በአንድ ላይ አትስሙ፤ አንድ በአንድ ጠይቁ።

እኔ የምጠይቀው ይኸ ነው። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ምንድነው? ብሮውዘሩ የቱ ነው? ስሪቱ ስንት ነው? ሊንኩን የከፈቱት ከየት ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳታል። እኛ አገር ሊንክ የሚደርሰን አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም ነው። አፕ ውስጥ የሚከፈት ገጽ ደግሞ በስልኩ ዋና ብሮውዘር ላይ እንደሚከፈተው ላይሆን ይችላል። ሰውዬው «ክሮም ነው የምጠቀመው» ይላል፤ ገጹን ያየው ግን በክሮም አይደለም።

ከዚያ ስክሪንሾት አስልኩ። ቪዲዮ ከቻሉ ደግሞ በጣም ጥሩ። ሲጫኑት ምን እንደሚሆን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

የእኔ ደንበኛ የሦስት ሰዎች ስክሪንሾት ላኩልኝ። አንዱ አይፎን 6 ነው፤ የሜኑው ቃላት እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። ሁለተኛው አዲስ አይፎን ነው፤ ሜኑው ይከፈታል፣ የመጨረሻው «ያግኙን» የሚለው ግን የለም። ሦስተኛው ኦፔራ ሚኒ የተጫነበት አንድሮይድ ነው፤ ሜኑውን የሚከፍተውን የሦስት መስመር ምልክት ሲጫኑት ምንም አይሆንም። ሦስቱ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ሳልጠይቅ ኮዱ ውስጥ ገብቼ ቢሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ በከንቱ እደክም ነበር።

2. ከብሮውዘሩ ስም በስተጀርባ ያለውን ሞተር እወቁ

የብሮውዘር ስም ብዙ ነው፤ ገጹን የሚስለው ሞተር ግን በዋናነት ሦስት ነው። ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራና ሳምሰንግ ኢንተርኔት ብሊንክን ይጠቀማሉ። ፋየርፎክስ የራሱ ጌኮ አለው። ሳፋሪ በዌብኪት ነው የሚሠራው። ኤጅ ወደ ክሮም ቤተሰብ የገባው በጥር 2020 ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ማይክሮሶፍት ሰኔ 2022 ላይ ስለዘጋው እሱን አሁን ልትተዉት ትችላላችሁ።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው አይፎን ላይ ነው። አይፎን ላይ ያለው ክሮም በውስጡ ዌብኪት ነው። ፋየርፎክሱም እንደዚያው። አፕል በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ሌላ ሞተር የፈቀደው በ2024 ነው፤ በአብዛኛው የተቀረው ዓለም ግን አይፎን ማለት ዌብኪት ማለት ነው ብላችሁ ብታስቡ አትሳሳቱም። አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ «በክሮም ከፍቼው ተበላሸ» ካላችሁ መጀመሪያ ስልኩን ጠይቁት። አይፎን ከሆነ ችግሩን ሳፋሪ ላይ ፈልጉት።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ነው። የአይፎን ሳፋሪ ከስልኩ ሲስተም ጋር ነው አፕዴት የሚሆነው። አይፎን 6 ከአይኦኤስ 12 አያልፍም። አይፎን 6ኤስና 7 ደግሞ 15 ላይ ቆመዋል። ባለቤቱን «አፕዴት ያድርጉ» ብትሉት የሚያደርገው ነገር የለውም። እነዚህ ስልኮች ዛሬም በየሰዉ እጅ አሉ።

3. ቀላሎቹን ነገሮች አስወግዱ

ይኸ ክፍል አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ገጹን በግል መስኮት፣ ማለትም ኢንኮግኒቶ በምንለው፣ ክፈቱት። ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ካሽ (ብሮውዘሩ ያስቀመጠው አሮጌ ቅጂ) ወይም ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የተጫነ ተጨማሪ) ነው። ማስታወቂያ የሚከለክሉ ኤክስቴንሽኖች በክላስ ስምም (ኮዱ ውስጥ ለሳጥኑ በምትሰጡት ስም) ይፈርዳሉ። የሜኑ ሳጥናችሁን «ባነር» ወይም «አድስ» (በእንግሊዝኛ ማስታወቂያዎች) ብላችሁ ከሰየማችሁት ሊደብቁት ይችላሉ፤ ስሙን ቀይሩት።

ዙሙንም እዩ። ብሮውዘር ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ ዙሙን ያስታውሳል። ሰው ሳያስበው 110 ላይ አድርጎት ለወራት እንደዚያ ይጠቀማል። ኮንትሮልና ዜሮ ሲጫኑ ወደ 100 ይመለሳል። ብዙ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ደግሞ የሲስተሙ መጠን 125 ላይ ሆኖ ነው የሚመጡት። ስለዚህ እናንተ 1920 ፒክስል ብላችሁ የምታስቡት ስክሪን ለብሮውዘሩ 1536 ነው። ሜኑው እዚያ ላይ ሁለት መስመር ከሆነ የብሮውዘሩ ጥፋት አይደለም፤ ቦታ ጠቦት ነው።

በመጨረሻ የኤችቲኤምኤሉ፣ ማለትም የገጹ ዋና ኮድ፣ የመጀመሪያ መስመር ላይ ዶክታይፕ (ገጹ በአዲሱ ደንብ እንዲነበብ የሚያደርገው መስመር) መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ብሮውዘሮች ወደ ድሮው አሠራር ይመለሳሉ፤ መጠኖች ሊዛቡ ይችላሉ።

4. ችግሩን እጃችሁ ላይ አምጡት

በዓይናችሁ ያላያችሁትን ነገር አታስተካክሉ። በግምት የተጻፈ ኮድ ሌላ ነገር ያበላሻል።

አንድሮይድ ከሆነ ቀላል ነው። ስልኩ ላይ የዩኤስቢ ዲበጊንግን አብሩ፤ በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙት፤ ኮምፒውተሩ ክሮም ላይ የኢንስፔክት ገጹን ክፈቱ። ስልኩ ላይ ያለውን ገጽ ኮምፒውተራችሁ ላይ ሆናችሁ ትመረምራላችሁ።

አይፎን ከሆነ ትክክለኛው መንገድ ማክ ነው። ማክ የሌለን ሰዎች ብዙ ነን። እኔ የምጠቀመው ፕሌይራይት የተባለውን የማይክሮሶፍት የገጽ መሞከሪያ ነው። በነጻ ነው፤ የራሱን ዌብኪት ይዞ ይመጣል፤ ዊንዶውስና ሊኑክስ ላይ ይሠራል። ሊኑክስ ያላችሁ ደግሞ የግኖም ዌብ ብሮውዘር በዌብኪት ነው የሚሠራው። ሁለቱም ልክ እንደ አይፎኑ ሳፋሪ አይደሉም። ከታች ያለው የአድራሻ መስመር የላቸውም፤ ፎንቶቹም ይለያሉ። የቀሩትን ብዙ ችግሮች ግን ያሳያሉ። ለቀረው የሰው አይፎን ለአሥር ደቂቃ መዋስ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ክሮም ውስጥ ያለው «የስልክ ማሳያ» የስክሪኑን መጠንና ንክኪውን ነው የሚቀይረው። አይፎን ብላችሁ ብትመርጡም ሞተሩ ያው ብሊንክ ነው። እዚያ አይታችሁ «አይፎን ላይ ይሠራል» እንዳትሉ። እኔ ለዓመታት ስል ነበር።

5. የጠፋው ነገር የት እንዳለ እዩ

ዴቨሎፐር ቱልስ (ብሮውዘሩ ውስጥ ያለውን የገጽ መመርመሪያ) ክፈቱና ሜኑውን ምረጡት። ሦስት ዕድሎች አሉ። ኤለመንቱ፣ ማለትም ያ የገጹ ክፍል፣ ጨርሶ የለም፤ ያን ጊዜ ችግሩ ብዙ ጊዜ ጃቫስክሪፕት (ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ) ነው፣ ኮንሶሉ (ስህተቶች የሚጻፉበት ክፍል) ላይ ያሉትን ቀያይ መስመሮች አንብቡ። ኤለመንቱ አለ ግን ሌላ ነገር ሸፍኖታል። ወይም አለ ግን ስፋቱ ዜሮ ሆኗል፣ አለዚያም ከስክሪኑ ውጪ ወጥቷል።

ለኋለኞቹ ሁለቱ የምወደው ዘዴ ይኸ ነው። ለሁሉም ኤለመንት የ1 ፒክስል ቀይ አውትላይን ስጡ። ቦርደር አይደለም፤ ቦርደር ቦታ ስለሚይዝ ያለውን ነገር ይገፋል። አውትላይን ምንም ሳያንቀሳቅስ የሁሉንም ሳጥን ድንበር ያሳያችኋል። የትኛው ሳጥን እንደሾለከ ወዲያው ይታያል።

የስታይል ዝርዝሩ ላይ መስመር የተሰረዘበትና ቢጫ ምልክት ያለበት ነገር ካያችሁ ብሮውዘሩ ያን ትእዛዝ አላወቀውም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

6. ገጹን ግማሽ ግማሽ እያላችሁ ቁረጡት

እስካሁን ካልታወቀ ገጹን ኮፒ አድርጉና በኮፒው ላይ ሥሩ። የሲኤስኤሱን፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስነውን ኮድ፣ ግማሽ አጥፉ። ችግሩ አሁንም አለ? የቀረውን ግማሽ እንደገና ግማሽ አድርጉት። ችግሩ ጠፋ? ያጠፋችሁት ግማሽ ውስጥ ነው ያለው፤ እሱን መልሱና እሱን ቁረጡ። 200 ትእዛዝ ያለበት ፋይል በስምንት ዙር ያህል ወደ አንድ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ይህን እርምጃ ዘልዬ ኢንተርኔት ላይ መልስ ስፈልግ ያጠፋሁት ጊዜ በጣም ያሳዝነኛል።

7. ደጋግመው የሚመጡት ጥፋተኞች

ከአይፎን 6 ልጀምር። ቃላቱ የተጣበቁት በጋፕ (በነገሮች መካከል ክፍተት በሚሰጠው ትእዛዝ) ምክንያት ነው። ጋፕ ፍሌክስ በሚባለው አደራደር ውስጥ ክሮም ላይ የገባው በ2020 ነው፤ ሳፋሪ ላይ የገባው በ2021፣ በ14.1 ነው። አይኦኤስ 12 አያውቀውም። እዚህ ላይ ክፉ ወጥመድ አለ። «ጋፕን ታውቃለህ?» ብላችሁ በሰፖርትስ (ብሮውዘሩ አንድን ነገር ያውቅ እንደሆነ በሚጠይቀው የሲኤስኤስ ትእዛዝ) ብትጠይቁት «አዎ» ይላችኋል። ምክንያቱም ግሪድ በሚባለው ሌላ አደራደር ውስጥ ያለውን ጋፕ ያውቀዋል። ስለዚህ መጠየቁን ተዉትና ለሜኑው ማርጂን ተጠቀሙ። ማርጂን ሁሉም ጋ ይሠራል። ኮዱ ያረጀ ቢመስልም ሰውዬው ሜኑውን ያነበዋል።

ሁለተኛው፣ የጠፋው «ያግኙን» ነው። የሞባይል ሜኑውን ቁመት 100 ቪኤች (የስክሪኑ ቁመት መቶ በመቶ) አድርጌው ነበር። አይፎን ላይ 100 ቪኤች ማለት የአድራሻ መስመሩ ሲደበቅ ያለው ሙሉ ቁመት ነው። መስመሩ ከታች ሲታይ የሜኑውን መጨረሻ ይሸፍነዋል። መፍትሔው ሁለት መስመር ነው። መጀመሪያ 100 ቪኤች ጻፉ፤ ከሥሩ 100 ዲቪኤች (በዚያ ሰዓት በሚታየው ቁመት የሚለዋወጠውን መለኪያ) ጻፉ። አዲሱ ብሮውዘር ሁለተኛውን ይወስዳል፤ አሮጌው የማያውቀውን ይዘለውና በመጀመሪያው ይሠራል። ዲቪኤች ሳፋሪና ፋየርፎክስ ላይም፣ ክሮም ላይም የገባው በ2022 ነው። ሜኑው ፊክስድ (ከስክሪኑ ጋር የታሰረ) ከሆነ ደግሞ ቁመቱን ትታችሁ ላይና ታቹን ዜሮ ማድረግ ይበቃል። በሁለቱም መንገድ ሜኑው ራሱ ስክሮል እንዲሆን ፍቀዱለት፤ ስልኩ ወደ ጎን ሲዞር ቁመቱ በጣም ያጥራል።

ሦስተኛው ኦፔራ ሚኒ ነው። ዳታ በጣም በሚቆጥብበት ሁኔታው ገጹን የሚያዘጋጀው ስልኩ ሳይሆን የኦፔራ ሰርቨር ነው። ስልኩ ላይ የሚደርሰው የተዘጋጀው ውጤት ነው። ጃቫስክሪፕቱ እንደ ሌላው ብሮውዘር እስከ መጨረሻው አብሮት አይቆይም። ይህን በኮድ ጥገና ማሸነፍ አይቻልም። የሚያዋጣው ሦስቱን መስመር እውነተኛ ሊንክ ማድረግ ነው። ሊንኩ ገጹ ግርጌ ላይ ወዳለ ተራ የሜኑ ዝርዝር ይወስዳል። ጃቫስክሪፕት ካለ ሊንኩን ይዞ የሚያምረውን ሜኑ ይከፍታል። ከሌለ ሰውዬው ወደ ግርጌ ይወርድና የሚፈልገውን ይጫናል። ካርድ ሞልቶ ሜጋባይት ለሚቆጥር ሰው ይኸ ትልቅ ነገር ነው።

ከእነዚህ ሌላ ሆቨር አለ። ንዑስ ሜኑው የሚከፈተው ማውስ ሲያርፍበት ብቻ ከሆነ ስልክ ላይ ማውስ የለም። አይፎን የመጀመሪያውን ንክኪ እንደ ሆቨር ሊቆጥረው ይችላል፤ ሰውዬው ሁለቴ መጫን ይኖርበታል። ንዑስ ሜኑ በቁልፍ ይከፈት። የሆቨሩን ስታይል «ሆቨር ማድረግ የሚችል መሣሪያ» በሚለው ሚዲያ ኩዌሪ ውስጥ አስገቡት።

ሳፋሪ ላይ ደግሞ ቁልፍ በክሊክ ሲጫን ፎከስ አያገኝም፤ ማለትም እንደተመረጠ አይቆጠርም። ፎከስ ዊዚንን (ውስጡ ፎከስ ሲኖር ብቻ የሚሠራውን ስታይል) ተማምናችሁ የሠራችሁት ሜኑ ክሮም ላይ ሲከፈት ሳፋሪ ላይ ዝም የሚለው ለዚህ ነው። በጃቫስክሪፕት አሪያ ኤክስፓንደድን (ሜኑው ክፍት መሆን አለመሆኑን የሚናገረውን ምልክት) ትሩና ፎልስ እያደረጋችሁ፣ ስታይሉን በእሱ ላይ መሥርቱት። ለዓይነ ስውራን የሚያነበው ሶፍትዌርም ሜኑው መከፈቱን ያውቃል።

ስቲኪ ሄደር (ገጹ ሲሳብ ከላይ ተጣብቆ የሚቀረው ራስጌ) አልጣበቅ ካለ ወደ ላይ ውጡና ወላጆቹን፣ ማለትም እሱን የያዙትን ሳጥኖች፣ እዩ። አንዳቸው ላይ ኦቨርፍሎው ሂደን (ከሳጥኑ የተረፈውን የሚደብቀው ትእዛዝ) ካለ ስቲኪው ከዚያ ሳጥን ጋር ነው የሚታሰረው። ክሊፕ ብትሉት ይፈታል፤ ክሊፕ ግን ሳፋሪ ላይ ከ16 ጀምሮ ነው። የቆየ ሳፋሪ፣ ከ13 በፊት ያለው፣ ዌብኪት የሚል ቅጥያ ያለውን ስቲኪ ይፈልጋል።

ሜኑው ከስላይድ ፎቶው ሥር ከገባ ዜድ ኢንዴክሱን (የትኛው ከላይ እንደሚሆን የሚወስነውን ቁጥር) 99999 ለማድረግ አትቸኩሉ። ወላጁ ላይ ትራንስፎርም፣ ፊልተር ወይም ከ1 ያነሰ ኦፓሲቲ ካለ ሜኑው በዚያ ወላጅ ውስጥ ታስሯል። ቁጥሩ ቢበዛ ከዚያ አይወጣም። ወላጁን ከፍ አድርጉ፣ አለዚያ ሜኑውን ከሄደሩ አውጡት። ትራንስፎርምና ፊልተር ፊክስድ የሆነውን ልጅም ከስክሪኑ አላቅቀው ከራሳቸው ጋር ያስሩታል።

ማክ ላይ ያማረ ገጽ ዊንዶውስ ክሮም ላይ ወደ ጎን ስክሮል ሲያደርግ ስፋቱን 100 ቪደብሊው (የመስኮቱ ሙሉ ስፋት) ያደረጋችሁት ቦታ ፈልጉ። እዚያ የስክሮል መስመሩ 15 ፒክስል ገደማ ቦታ ይይዛል፤ ማክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በገጹ ላይ ይንሳፈፋል። 100 ፐርሰንት በሉት፤ በቃ።

8. ሜኑው በአማርኛ ከሆነ

ይህን ለብቻው ያወጣሁት የውጭ መመሪያዎች ስለማይነግሯችሁ ነው። ለእንግሊዝኛ ፎንት ብቻ መርጣችሁ ከተዋችሁት ያ ፎንት ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ ያለውን ያወጣል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኢብሪማ ነው፤ በቆዩት ዊንዶውሶች ኒያላ ነው፤ ማክና አይፎን ላይ ከፋ፤ አንድሮይድ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። ስፋታቸው አንድ አይደለም። «መነሻ፣ ስለ እኛ፣ አገልግሎቶቻችን፣ ዜና እና ማስታወቂያ፣ ያግኙን» የሚል ሜኑ አንዱ ጋ በአንድ መስመር ይገባል፤ ሌላው ጋ «ያግኙን» ወደ ታች ይወርዳል። ሁላችንም «ፋየርፎክስ አበላሸው» እንላለን። ያበላሸው ግን ፎንቱ ነው።

ለማረጋገጥ ክሮም ላይ ጽሑፉን ምረጡና ኮምፒዩትድ የሚለውን ታብ እስከ ታች ውረዱ። በእርግጥ የተጠቀመውን ፎንት ስም ይነግራችኋል። ፋየርፎክስ ለዚህ የፎንት ክፍል አለው።

መፍትሔው ፎንቱን ራሳችሁ ማቅረብ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛል። የግዕዝ ፎንት ከላቲኑ ይከብዳል፤ ፊደሎቹ ከ300 በላይ ናቸው። በዎፍ 2 (ፎንትን አሳንሶ በሚይዘው የፋይል ዓይነት) አድርጉት፤ የሚያስፈልጋችሁን ውፍረት ብቻ ጫኑ። ኒያላ ደማቅ ቅጂ የለውም፤ ቦልድ ካላችሁት ብሮውዘሩ በራሱ ያወፍረዋል፣ ፊደሉም ይደፈናል። ለሜኑ ደማቅ ከፈለጋችሁ የደማቁን ፋይል አብራችሁ አቅርቡ።

የሜኑውን ስፋት በጃቫስክሪፕት የምትለኩ ከሆነ ፎንቱ ተጭኖ እስኪያልቅ ጠብቁ። ቀድማችሁ ከለካችሁ በሌላ ፎንት ነው የለካችሁት። ቁመቱን በፒክስል አትቸንክሩት፤ የፊደሎቻችን ራስ ይቆረጣል። ፓዲንግ ይበቃል። «ስለ እኛ» ከመሃል ተሰብሮ ሁለት መስመር እንዳይሆን ዋይት ስፔስ ኖውራፕ በሉት።

የገጹን ቋንቋም አማርኛ ብላችሁ አሳውቁ። ብዙ ቴምፕሌት «እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ይመጣል፤ ማንም አይቀይረውም። ጎብኚው በክሮም ሲያስተረጉም ደግሞ ክሮም ጽሑፉ ዙሪያ አዲስ ታግ ያስገባል፤ በቀጥተኛ ልጅ የተጻፈ ስታይል ያኔ ሊሳሳት ይችላል። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ገጻችሁን የሚያነቡት እንደዚህ አስተርጉመው ሊሆን ስለሚችል አንዴ ሞክሩት።

9. ስታስተካክሉ የብሮውዘር ስም አትጥሩ

«ሳፋሪ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚል ኮድ አትጻፉ። ብሮውዘሮች በስማቸው ላይ የሌላውንም ስም ይጨምራሉ፤ ክሮም ራሱን ሲያስተዋውቅ «ሳፋሪ» የሚል ቃል አለበት። ነገ ሳፋሪ ችግሩን ሲያስተካክል ደግሞ የእናንተ ጥገና ራሱ ችግር ይሆናል። ስሙን ሳይሆን ችሎታውን ጠይቁ። ሁሉም የሚያውቀውን መጀመሪያ ጻፉ፤ አዲሱን ከሥሩ፣ ወይም በሰፖርትስ ውስጥ። የትኛው ስሪት ምን እንደሚያውቅ ኬን አይ ዩዝ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።

ከጥገናው ጎን አንድ መስመር ማስታወሻ ጻፉ፤ ለየትኛው ስልክ፣ ለየትኛው ስሪት፣ በየትኛው ቀን። ከዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው መቼ ሊያጠፋው እንደሚችል ያውቃል።

ቆርጣችሁ ቆርጣችሁ የቀረው ትንሽ ኮድ ትክክል ሆኖ ሳለ አንዱ ሞተር ብቻ ካበላሸው በእርግጥ የብሮውዘሩ ችግር ነው። ዌብኪትም፣ ሞዚላም፣ ክሮሚየምም ችግር የሚቀበሉበት ክፍት መዝገብ አላቸው። ስድስተኛው እርምጃ ላይ ያገኛችሁትን አጭር ፋይል አያይዛችሁ ላኩላቸው።

የዚያን ቅዳሜ ጥገናው ሲያልቅ ሊንኩን መልሼ ለሦስቱም ሰዎች አስላኩላቸው። ሁለቱ ወዲያው ስክሪንሾት መለሱ። ባለ አይፎን 6ቱ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ላኩ፤ ቃላቱ ተለያይተዋል፣ «ያግኙን» ከታች ይታያል። ሥራውን የዘጋሁት ያኔ ነው።